የውሸት ኪስ

ባሌ የሚታወቀው ኮት በመቅደድ ነው። የራሱን ኮት፣ ያውም ጀርባው ላይ እንዳለ። እናቱ ባወጡለት ስም የምንጠራው እኔና እሳቸው ብቻ ነን፤ ሌላው ሰው ሁሉ ትርትር ይለዋል። መንገድ ላይ ሲያልፍ ሕፃናት ከኋላው ሆነው «ጠርርር» ይሉበታል፤ እሱም እንደ ደነገጠ ሰው ጀርባውን በሁለት እጁ ይይዝና እየዘለለ ይሄዳል። አብሬው ስሆን እንኳ አይተወውም፤ ስንት ጊዜ ዕቃ ተሸክሜ መንገድ መሃል ቆሜ ጠብቄዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴአትር ቤታችን እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የቆየ ኮሜዲ ያሳያል። ጌታው መንገድ ይሄዳል፣ ሎሌው፣ እሱን የሚጫወተው ባሌ ነው፣ ቤት ይጠብቃል። ሎሌው የጌታውን ኮት ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያይና እስቲ አንዴ ልሞክረው ይላል። ለብሶት ሳለ እንግዶች ይመጣሉ፤ ጌታው መስሏቸው እጅ ይነሱታል። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው። መጀመሪያ ወንበር እንዲቀርብለት ያዛል። ቀጥሎ ወንበሩ አነሰኝ ብሎ ትልቅ ያስመጣል። እየቆየ መስኮቱ ቦታ ይቀየርለት ይላል፣ ጎረቤት ቤቱን ወደዚያ ፈቀቅ ያድርግ ይላል። መጨረሻ ላይ ፀሐይዋ በዝታብኛለችና ትንሽ ዝቅ ትበልልኝ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ኮቱ ከኮሌታው እስከ ወገቡ ጠርርር ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ጌታው ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል። አዳራሹ በሳቅ ይናጋል።

ያ ኮት የኔ ሥራ ነው። የአልባሳት ክፍሉ ሰፊ እኔ ነኝ። በየቅዳሜው የጀርባውን ስፌት በእጄ በረጃጅሙ እወሰውሰዋለሁ፤ ክሩ አንድ ብቻ ነው፣ ጫፉም አይቋጠርም። ትንሽ ካጠበቅኩት አይቀደድም። ትንሽ ካላላሁት ደግሞ ሎሌው ገና ወንበር ሲጠይቅ ይከፈትና ሁሉም ነገር ይበላሻል። ኪሶቹም የውሸት ናቸው። የመድረክ ኮት ኪስ አያስፈልገውም፤ ክዳኑን ብቻ ከላይ እሰፋለሁ፣ ከሩቅ ለሚያየው ኪስ ነው። ትርትር ከዚያም ሳቅ አውጥቶበታል። እንደ ትልቅ ሰው ደረቱን ነፍቶ እጁን ኪሱ ሊከት ይሞክራል፤ እጁ ሸርተት ብሎ ጭኑ ላይ ይወርዳል። እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይወርዳል። ይህን ነገር ከመደጋገሙ የተነሣ እጁ ራሱ ለምዶት ቀርቷል፤ ቤት ውስጥ የራሱን ጃኬት ለብሶ እንኳ ቁልፍ ሲፈልግ መጀመሪያ ጭኑን ይዳብሳል።

ሰው ሁሉ ሎሌው የሚያስቀው ሞኝ ስለሆነ ነው ይላል። ባሌ በዚህ አይስማማም። ሞኝ አርፎ ከተቀመጠ ማን ይስቅበታል፣ ሳቁ የሚመጣው ብድግ ብሎ ወንበር መፈለግ ሲጀምር ነው ይላል። እናቱ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ይህን በሰሙ ቁጥር ሞኝና ምኞት የአንድ ማኅፀን ልጆች ናቸው፣ ታላቁ የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው ያልገባኝ ይላሉ። እኔ ደግሞ ስለ ሎሌው የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ሲወጡ ቦርዱ ከሠራተኛው መሃል የፈለገ ይወዳደር አለ። ተወዳዳሪው አዳራሹ ውስጥ በቦርዱና በሠራተኛው ፊት ቆሞ፣ ቤቱን እንዴት እንደሚመራ ይናገራል። ማን እንደሚሾም ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። መድረክ ላይ ጌታውን የሚጫወት ተዋናይ አለ፤ ከመድረክ ውጭም ጌታው ነው የምንለው። ቁመቱ መለሎ፣ ድምፁ ወፍራም፤ እንደምን አደራችሁ ሲል እንኳ ሹመት የሚያድል ይመስላል። ሐሳብ ይኑረው አይኑረው ማንም ጠይቆት አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ባሌ ጢሙን እየተላጨ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ፣ «እኔም ልወዳደር ነው» አለኝ።

ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ አመለጠኝ። ግማሽ ፊቱ አረፋ፣ ግማሹ ቁም ነገር ነበር። አብሮኝ ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ምላጩን አለቅልቆ ሌላኛውን ጉንጩን ጀመረ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ፣ የማደርገውም ጠፍቶኝ አልጋውን ሁለተኛ አነጠፍኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ አርፎ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ሁለት ክፍል ነው ያለን፤ ባሌ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ቁም ሣጥኑ ይመላለሳል። ቁም ሣጥኑን «የተከበራችሁ የቦርድ አባላት» ይለዋል። እናቱ መንገዱ ላይ እንዳይሆኑ ወንበራቸውን ወደ ጥግ ገፉ፤ ጥጉም መዞሪያው ሆኖ ተገኘና ወደ ሌላኛው ጥግ ገፉ። እኔም ተጋባብኝ። እጅጌ ጀምሬ እተወዋለሁ፣ ቁልፍ እተክልና ቦታው ልክ አይደለም ብዬ እነቅላለሁ፣ ውኃ ጥጄ ለምን እንደጣድኩት እረሳለሁ።

አንድ ቀን መሄጃውን ዘግቼ፣ ስለ ቢሮ ምን ታውቃለህ፣ የራስህን ቁልፍ ፈልገህ የማታገኝ ሰው አልኩት። አልተቆጣም። ስለ ጣሪያው ይነግረኝ ጀመር። ከሦስተኛው ረድፍ አናት ላይ ያለው ጣሪያ ያፈስሳል፤ ዝናብ ሲጥል አስተናጋጆቹ ሰው ከዚያ እያስነሡ ግድግዳ ሥር ያቆማሉ። ሁላችንም ለምደነዋል። ባሌ ግን መሰላል ተውሶ ወጥቶ አይቶታል። አንዱ ቆርቆሮ ከቦታው ተንሸራትቷል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት በስብሷል፤ ሌላው ደኅና ነው። ቤቱን ሁሉ ማፍረስ አያስፈልግም አለኝ። ይህንኑ እናቱ ሃያ ጊዜ ሰምተውት ስለነበር፣ የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቀጠለና ስለ ሴቶቹ መልበሻ ክፍል አነሣ። ክፍሉ በር የለውም። ሴቶቹ ልብስ ሲቀይሩ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንሶላ እዘረጋለሁ፤ ክንዴ እስኪዝል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አማርሬው አላውቅም፣ ማንም የሚያየው አይመስለኝም ነበር። ባሌ መጀመሪያ የማደርገው በር ማስገጠም ነው አለ። ያን ቀን መንገዱን ለቀቅኩለት። ይሆን እንዴ ማለት ጀመርኩ። ይሆናል ባልኩ ማግስት ደግሞ ጉድ ሊሠራን ነው እላለሁ። ሰው ሲመኝ ማየት እንዲህ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ለራሴ ተመኝቼ አላውቅማ።

በውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የመድረኩን ኮት ቤት ይዞት መጣ። የራሱ ጃኬት ክርኑ ላይ አልቆ ብርሃን ያሳያል፤ ያ ኮት ደግሞ ከሩቅም ከቅርብም የሚያምር ጨርቅ ነው። ጀርባውን አንድ ነገር አድርጊው አለኝና ሊንጎራደድ ወደ ውጭ ወጣ። ውስወሳውን ስቤ አወጣሁት። በመኪና ሰፋሁት፣ ከዚያ አላመንኩትም፣ በላዩ ሌላ ስፌት ደገምኩ። ጉልበቴን ውስጡ ከትቼ በሁለት እጄ ወጠርኩት፤ ንቅንቅ አላለም። በቃ ብዬ መነሣት ነበረብኝ፤ እጄ ግን አላርፍ አለኝ። ዓይኔ ኪሱ ላይ ወደቀ። ሥራ አስኪያጅ ቁልፉን የት ሊከት ነው አልኩ። ክዳኑን ተረተርኩ፣ ከሥሩ ጨርቁን ቀደድኩ፣ ከገበሩ ጋር የሚሄድ ጨርቅ ፈልጌ በቀኝ በኩል የእውነት ኪስ አወጣሁለት፣ እጅ እስከ አንጓ የሚያስገባ።

ባሌ መድረክ ላይ ሲዘል ሲወድቅ አያልበውም፤ የምሩን ሲናገር ግን ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። አንዲት ነጭ ጨርቅ ዳር ዳሯን ዘምዝሜ መሐረብ አደረግኳትና አጣጥፌ ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ጠዋት እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስመለስ እናቱ የኮቱን ቁልፎች ቆልፈውለት ወጥቷል፤ ስብሰባው ገና ነው፣ እሱ ግን እዚያው ሄዶ ሊመላለስ ነው። ግድ የለም፣ ራሱ ያገኘዋል አልኩ። እጁ የዚያን ኮት ኪስ እንደ ውሸት እንደለመደው ረሳሁት።

ጌታው ቀድሞ ተናገረ። ይህ ቤት ታላቅ ቤት ነው አለ፤ ታላቅ ነበረ፣ ታላቅም ሆኖ ይቀጥላል አለ። ሌላ ምንም አላለም፤ አባባሉ ግን እንዴት ያምር ነበር። ተጨበጨበ። እኔ መቀመጥ ስላልቻልኩ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ትርትር ወጣ። ኮቱ ገና ሲታይ ከፊት እስከ ኋላ ሰዉ ተንሾካሾከ። ስለ ጣሪያው ጀመረ፤ አጀማመሩ ጥሩ ነበር። መሰላሉን፣ ቆርቆሮውን፣ የበሰበሰውን እንጨት ተናገረ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ የሚያስቅ ነገር ግን አላለም። ከዚያ ጸጥ አሉ። የሚያዳምጡት መሰለው፣ ፊቱም ፈካ። እኔ ከኋላ ስለሆንኩ ምን እንደሚያዩ አየሁ። የሚያዩት እጁን ነው። እጁን ትንሽ ከፍ ባደረገ ቁጥር ረድፉ ሁሉ ወደ ፊት ሰገግ ይላል፤ ዝቅ ሲያደርግ ይመለሳል። የቦርዱ ሰብሳቢ እንኳን፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው አገጫቸውን ደግፈው ይጠብቃሉ። ላቡ ይወርድ ጀመር። በእጅጌው ጠረገው። ኪስህ ውስጥ አለ፣ ኪስህ ውስጥ አለ እላለሁ በሆዴ፤ እግሬ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን ይረግጣል።

የሴቶቹ በር ላይ ሲደርስ ነገሩ ገባው። ያን ያህል ዘመን መድረክ ላይ የቆመ ሰው አዳራሽ ምን እንደሚፈልግ በማጅራቱ ያውቃል። አንድም ሰው በሩን እየሰማው አልነበረም። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቆመ። ሲወስን አየሁት፤ ከዚያ ሁሉ ርቀት አየሁት። ባሌ ብዙ ነገር ይችላል፣ የሚጠብቅ ሰው ፊት ዝም ብሎ መቆም ግን አይችልም። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

ኮቱ አልተቀደደም። ይበልጥ ዘረጋ። ትከሻውን ወጠረ፣ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ፣ በእግሩ ጣት ቆመ። ኮቱ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጣ፤ ስፌቱ ግን ፍንክች አላለም። ሹመቱም ሳቁም አመለጡት፤ እጆቹን እንደ ሰቀለ ቀረ። ከዚያ ዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

«ምን አድርገሽው ነው?» አለ።

«ሰፍቼዋለሁ» አልኩ።

«ለምን?»

«እንዳትዋረድ።»

እንዲያ ያለ ሳቅ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጌታው ጉልበቱን ይመታል። መጋረጃ ሳቢያችን ሳቁ ጸንቶበት ግድግዳ ይዞ ወጣ። የባሌ ፊት በሳቁ ድምፅ ለቅጽበት በራ፣ እንደ ልማዱ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ስለ በሩ የጀመረውን ሳይጨርስ ወረደ። በዚያው ዕለት ጌታው ሥራ አስኪያጅ ሆነ።

ቤት ስንገባ ኮቱን አወለቀ፣ በጥንቃቄ አጣጠፈው፣ አልጋው ሥር ገፋው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «እነሱ ቢስቁ አይገርመኝም» አለ። «አንቺ ግን እንደምቀደው ቀድመሽ አውቀሻል። በሁለት ዙር ነው የሰፋሽው።»

ኪስህን እየው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሰው ያለ ጥፋቴ ሲከሰኝ ምላሴ ይተሳሰራል፣ ኩራት ይይዘኛል። ደግሞም ግማሹ እውነት ነበር። ፈርቼለት ነበር፤ ልወዳደር ነው ያለኝ ጠዋት አረፋው ፊቱ ላይ እያለ ስቄበታለሁ። ኮቱ ራሱ ይናገር አልኩ። ኮቱ ግን አልጋ ሥር ነው፣ አልጋ ሥር ያለ ነገር ምን ይናገራል። ሆድና ጀርባ ሆነን ሰነበትን። መንጎራደዱንም ተወው፤ እኔ ብቻዬን ከበሩ እስከ መስኮቱ እመላለስ ጀመር።

ጌታው ቢሮ እንደገባ መጀመሪያ ያዘዘው ወንበር ነው። ወንበሩ መጣ። አነሰው መሰለኝ፣ ሰንብቶ ሌላ ትልቅ መጣ። ሠራተኛው በየጥጉ እየተያየ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ከፊቱ ግን የሚስቅ የለም። የእሑዱ ኮሜዲ ሹመቱ እስኪረጋጋ ተቋርጦ ነበርና እኔንና ባሌን አስጠራን። በዚያ በወፍራም ድምፁ፣ ያ ቀን እንዲሁ ውኃ በልቶት መቅረት የለበትም አለ። ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይቶ አያውቅም። ከእንግዲህ ኮቱ አይቀደድም። ሎሌው ሥራ አስኪያጅ ልሁን ብሎ ንግግር ያደርጋል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ኮቱ እምቢ ይላል፤ ሚስቱን ከተመልካች መሃል ፈልጎ ለምን ይላታል፣ እሷም እንዳትዋረድ ትለዋለች። ሚስትየዋ እኔ ነኝ።

ባሌ ትቶት ይወጣል ብዬ በሩን በዓይኔ ለካሁ። እሱ ግን ቆየና ንግግሩ ሙሉውን ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጌታው እንዴታ አለ፣ ሳቁ ከየት ሊመጣ ነው። የጣሪያውም ወይ አለ። የጣሪያውም ተባለ። እሺ አለ።

እናቱ ሲሰሙ የያዙትን ጭልፋ አስቀመጡ። «ሞኝን እባብ ሁለቴ ነደፈው» አሉት። «አንዴ ሳያይ፣ አንዴ እንዲህ አድርጎ ነደፈኝ ብሎ ሲያሳይ።»

«ባያሳይ ኖሮ፣ እማ» አላቸው፣ «እባቡ እዚያ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?»

ጭልፋውን አንሥተው ያማስሉ የነበረውን ማማሰል ቀጠሉ።

ልምምዱን በቤት ልብሱ ነበር የሚያደርገው። ኮቱን ማየት አልፈለገም፤ በዕለቱ አምጪልኝ አለ። ያን ሰሞን ከኔ ጋር የሚነጋገረው በልምምዱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ምን አድርገሽው ነው ይለኛል፣ ከራሴ በላይ ግድግዳውን እያየ። ሰፍቼዋለሁ እላለሁ። ለምን ይላል። እንዳትዋረድ እላለሁ። ከዚያ በለመደው የኪስ ቀልድ እጁን ጭኑ ላይ እያንሸራተተ ይወጣል። ጌታው ከተመልካች ወንበር ላይ ሆኖ አሁንም አንዴ ይለናል። እንዳትዋረድ የምትለዋን ቃል በደጋገምኩ ቁጥር እየከበደችኝ መጣች።

እሑድ ጠዋት ኮቱን ከአልጋው ሥር አወጣሁት። አቧራውን አራግፌ ተኮስኩት። ካውያው ቀኙ ኪስ ላይ ሲደርስ ከፍ አለ፤ መሐረቡ እዚያው ነው። ላወጣው እጄን ከከተትኩ በኋላ መልሼ ተውኩት። የሴቶቹ መልበሻ ክፍል በር ላይ አንሶላውን ዘርግቼ ቆሜ፣ ኮቱን በትከሻዬ ላይ አቀበልኩት። ሳያየኝ ተቀበለኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወሬው ተሰምቷል፤ ትርትር ኮቱ እምቢ አለው ይባላል። ለኔ የተሰጠኝ ቦታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ከሰው መሃል። መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ጣቴን አፍተለትላለሁ። አጠገቤ ያለች ሴት ያምሻል እንዴ አለችኝ።

ባሌ ያን ቀን ከምንጊዜውም በላይ ያስቅ ነበር። ንግግሩን ጀመረ፤ የተከበራችሁ የቦርድ አባላት ሲል ሰዉ በሳቅ አለቀ። መሰላሉ አሳቀ፣ ቆርቆሮው አሳቀ፣ የበሰበሰው እንጨት ደግሞ እንባ አስወጣ። አንዲት ቃል አልቀየረም፤ ቁም ሣጥናችን ፊት የተናገረውን ነው የሚናገረው። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት። የሴቶቹ በር ላይ ሲደርስ እንደ ተጻፈው ቆመ፣ እጁን ዘረጋ፣ ኮቱ እምቢ አለ፣ ሰዉ ጮኸ። ዓይኑ ሦስተኛው ረድፍ ላይ መጣ።

«ምን አድርገሽው ነው?»

ቆምኩ። «ሰፍቼዋለሁ።»

«ለምን?»

ሰዉ ይጠብቃል። ጌታው ከመጋረጃው ጎን ሆኖ አፉን እያንቀሳቀሰ ያስታውሰኛል።

«ኪስህን እየው» አልኩ።

ሳቅ ሆነ፤ የዚያ ኮት ኪስ የውሸት መሆኑን የማያውቅ ተመልካች የለም። ባሌ ቃሌን የረሳሁ መሰለው። ሊሸፍንልኝ ፈጠን ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ትልቅ ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ወደ ጭኑ ሊያንሸራትት።

እጁ ገባ። እስከ አንጓው ገባ።

እንዳለ ቀረ። ሰዉ ይህ ደግሞ አዲስ ነገር ነው ብሎ ሳቁን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ባሌ መሐረቡን ቀስ ብሎ አወጣ፣ ዘረጋው፣ ዳሩን በጣቱ ዳሰሰ። የኔን ዝምዝማት ያውቃል። ግንባሩን ጠረገ፤ ሁለተኛ አጠፈውና መልሶ ኪሱ ከተተው፣ እጁንም እዚያው ተወው።

«መቼ?» አለኝ። ይህ ቴአትር አልነበረም፤ ድምፁ ቤት ውስጥ የሚናገርበት ድምፅ ነው።

«ከጀርባው ጋር አብሬ» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። ሰው ሁሉ እየጠበቀው ነበር፤ እሱ ግን ቸኩሎ ምንም አልሰጠውም። ከዚያ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ። በሎሌው ድምፅ ሳይሆን በራሱ ድምፅ፣ አቋርጦት ከነበረው ቦታ ቀጠለ። የሴቶቹ መልበሻ ክፍል በር የለውም አለ፤ አንዲት ሴት አንሶላ ይዛ ትቆማለች፣ በሩን አንድ አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል። ጥቂት ሰዎች ሊስቁ ጀምረው ተዉት። ጌታው መጋረጃው ይዘጋ ብሎ በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ መጋረጃ ሳቢው ገመዱን ይዞ አፉን ከፍቶ እየሰማ ነበር። ባሌ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ፣ ግራ እጁን ወደ ጣሪያው አነሣ። ቆርቆሮው የተንሸራተተው እዚያ ጋ ነው አለ፤ ከክረምቱ በፊት መጠገን አለበት፣ ካልሆነ እንጨቱ ይወርዳል።

በረድፌ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።